የሙዚቃ መሣሪያ የንግድ ትርኢት፦ መሄድ መቼ ያዋጣል፣ ሄዶስ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ይዤ የተመለስኩት አንድ የጨርቅ ቦርሳ ሙሉ ብሮሹር፣ እፍኝ የሚሞላ የጊታር ፒክ፣ የሚጮህ ጆሮና ያበጠ እግር ነበር። ሦስት ቀን ከአዳራሽ አዳራሽ ስዞር ከርሜ፣ አዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ደውሎ «እሺ፣ የትኛውን እናስመጣ?» ቢለኝ የምመልሰው አጣሁ። ያየሁትን ሁሉ ልዘረዝርለት እችል ነበር፤ የጠየቅሁት ነገር ግን አልነበረም።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ቅዳሜና እሑድ በሠርግ በልደቱ ኪቦርድ እጫወታለሁ (አባቶቻችን «ኦርጋን» የሚሉትን)፤ በተረፈኝ ጊዜ ለአክስቴ ልጅ ሱቅ ዓይንና ጆሮ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። እዚህ የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው በነገረኝ ኖሮ ያልኩትን ነው። ሱቅ ያላችሁ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለባንድ ብዙ ዕቃ የምትገዙ፣ መሣሪያ የምትሠሩና የምትጠግኑ ከሆነ ይመለከታችኋል። ለራሱ አንድ ጊታር መግዛት የፈለገ ሰው ግን የትኬቱን ገንዘብ ጊታሩ ላይ ይጨምርበት፤ የተሻለ ጊታር ይገዛል።

1. ባዛር አለመሆኑን ከወዲሁ ማወቅ

በበዓል ሰሞን መስቀል አደባባይ ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር መግባት የለመደ ሰው የንግድ ትርኢት ሲባል ያንኑ ያስባል፤ ዕቃው ተደርድሯል፣ ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ ከፍላችሁ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። እዚህ እንደዚያ የለም። በአብዛኛው የሚታየው ናሙና ነው፤ የሚፈጸመው ትዕዛዝና ውል ነው። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ከሁሉ በላይ አትርፎ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዝግጅት አውራ የሚባለው ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም ከተማ፣ ከዲስኒላንድ አጠገብ ባለው የስብሰባ ማዕከል የሚካሄደው ናም ሾው ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1901 በፒያኖ ነጋዴዎች የተመሠረተ ማኅበር ነው። ሠሪው፣ አከፋፋዩ፣ ባለሱቁ፣ የድምፅ ባለሙያውና የሙዚቃ መምህሩ አንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ።

አንድ ጣሪያ ሥር መገናኘት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየኝ የሚዲ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1981 በዚሁ ማኅበር የበጋ ትርኢት ላይ የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ተፎካካሪውን ቶም ኦበርሃይምን አግኝቶ፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ ኪቦርዶች) እርስ በርስ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ ቢኖርስ የሚል ሐሳብ አነሣለት። ነገሩ የሰኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ጋ ደረሰ። ጃንዋሪ 1983 በናም ትርኢት የስሚዝ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 በገመድ ተያይዘው፣ አንዱ ሲነካ ሌላውም አብሮ ሲጮህ ታየ። ዛሬ ኪቦርዳችንን ከኮምፒውተር ጋር የምናገናኝበት ሚዲ ያ ነው። ገበያ ላይ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲነጥቅ የሚውል ሁለት ነጋዴ ቆሞ ሊነጋገር የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እኛም የምንሄደው በዚያው ምክንያት መሆን አለበት፤ በስልክና በኢሜይል የማይገኘውን ፍለጋ።

2. መሄድ ያዋጣ እንደሆነ ማስላት

የትርኢቱን ትልቅነት እርሱት። አዳራሹ ስንት ኳስ ሜዳ ያህላል፣ ስንት ሺህ ሰው ይመጣል የሚለው ለአዘጋጁ ማስታወቂያ ነው። መጀመሪያ የምታዩት የተሳታፊ ድርጅቶችን ዝርዝር ነው፤ አዘጋጆቹ ከወራት በፊት ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል። ከዝርዝሩ ውስጥ በእውነት ልታናግሯቸው የምትፈልጓቸውን ምረጡ። አሥር ካልሞሉ ዘንድሮን ማለፍ ነው።

ትልልቅ ስም ያላቸው ፋብሪካዎች ሁልጊዜ ይገኛሉ ብላችሁ አትገምቱ። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ናምን ትቶ ላስ ቬጋስ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ነው የታየው፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የኪሳራ መከላከያ ጠየቀ። ፍራንክፈርት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ሙዚክሜሴ የሚባል ትርኢት ነበረ፤ የአውሮፓ ባለሱቅ ሁሉ መገናኛ ነበር። ቀስ በቀስ ዋና ዋናዎቹ ቀሩ፣ ኮሮና መጣ፣ ከ2019 በኋላ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። የቆየ ሰው «ፍራንክፈርት ሂድ» ካላችሁ የሚነግራችሁ የትዝታውን ነው።

ሁለተኛው ስሌት የገንዘብ ነው። ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ ምግቡን፣ መግቢያውን፣ ሱቁ ተዘግቶ የሚቀረውን ገቢ ደምሩና ባስያዛችሁት ቀጠሮ ብዛት አካፍሉት። 3,000 ዶላር አውጥታችሁ 12 ቀጠሮ ካላችሁ አንዱ ሰው 250 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ስም እያያችሁ «ይሄን ሰው ለግማሽ ሰዓት ለማናገር 250 ዶላር እከፍላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ቀርቻለሁ፤ አልቆጨኝም።

የት መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስነውም የምትፈልጉት ዕቃ ነው። አዲስ ምርት ለማየት፣ ከብራንድ ባለቤቶች ጋር የአከፋፋይነት ውል ለመነጋገር፣ ለስቱዲዮና ለድምፅ ዕቃ አናሃይም ነው። ለባለሱቅ የሚሆን በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ ጊታር፣ ከበሮ፣ ቫዮሊን፣ ስታንድ፣ ገመድና ቦርሳ ለማምጣት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር ላይ ሻንጋይ የሚካሄደው ሚውዚክ ቻይና ይሻላል። ጓንጁም የራሷ አላት። ፋብሪካው ራሱ ቡዝ (የማሳያ ቦታ) ይዞ ይቆማል፣ ሲመቸው በማግሥቱ መኪና ልኮ ፋብሪካውን ያሳያችኋል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ወደ ሁለቱም ከተሞች የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አለ። ሲንተሳይዘር ብቻ የሚያብዳችሁ ሙዚቀኞች ከሆናችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በርሊን ላይ የሚዘጋጀውን ሱፐርቡዝን እዩ። እዚያ ተራው ሰው ትኬት ገዝቶ ይገባል፤ ከሠሪው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ቁልፍ ያዞራል።

3. ባጅ፣ ቪዛ፣ መኝታ

ናም ከመንገድ የመጣ ሰው በር ላይ ከፍሎ የሚገባበት አይደለም፤ በሙያው ውስጥ መሆናችሁን አሳይታችሁ አስቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ። ስለዚህ የንግድ ፈቃዳችሁን፣ የሱቃችሁን ገጽና የድርጅት ኢሜይል አዘጋጁ። ሰው ሁሉ በግል ጂሜይል እየተመዘገበ ለምን ጥያቄ እንደሚበዛበት ይገርመዋል።

ከኢትዮጵያ የምትነሡ የቪዛ ቀጠሮ እንደሚዘገይ ታውቃላችሁ፤ ከትርኢቱ በፊት ብዙ ወር ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ከአዘጋጁም የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያሳምነው የግብዣ ደብዳቤው ብቻ አይደለም። ከማን ጋር ቀጠሮ እንዳላችሁ የሚያሳይ የኢሜይል ልውውጥ፣ ባለፈው ዓመት ያስገባችሁበት የጉምሩክ ሰነድ፣ የሱቁ ግብር ክፍያ አብሮ ይያዝ።

ቀኑንም ከበዓላችን ጋር አስሉት። በ2025 የናም አዳራሾች የተከፈቱት ከጃንዋሪ 23 እስከ 25 ነበር፤ በእኛ ከጥር 15 እስከ 17፣ ማለትም ጥምቀት ገና ከማለፉ። በዓሉን በአገር ቤት አክብሮ የሚነሣ ሰው የሰዓት ልዩነቱን ሳይላመድ የመጀመሪያውን ቀን ይተኛበታል።

መኝታ አናሃይም ውስጥ በዚያ ሳምንት ይወደዳል። የገንዘብ ጉዳይ ካሳሰባችሁ ሎስ አንጀለስ ዘመድ ዘንድ ማደር ይቻላል፤ ሆኖም ከፌርፋክስ ጎዳና፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ሰፈር እስከ አዳራሹ ከ30 ማይል በላይ ነው። ጠዋት መንገዱ ሲዘጋ ሁለት ሰዓት ይበላል። የኔ ምክር የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው አቅራቢያ አድሮ፣ ማታ ማታ ሽሮና ጥብስ የናፈቀው ሰው የመጨረሻውን ቀን ወደ ፌርፋክስ ይምጣ ነው።

4. ጥያቄ ይዞ መሄድ

መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል፤ እዚህ ነጋዴም ያደርጋል። በሁለተኛው ጉዞዬ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ጥያቄ ጻፍን። አምስት ብቻ። ሁሉም ከሱቁ መደርደሪያ የመጡ ነበሩ፦ ተመልሰው የመጡ ዕቃዎች ለምን ተመለሱ? ደንበኛ ጠይቆ ያጣው ምንድን ነው? የትኛው ኪቦርድ መለዋወጫ አጥቶ ተጋድሟል?

ለምሳሌ አንዱ ጥያቄያችን ይኼ ነበር፦ «የዚህ ኪቦርድ የቁልፍ ሥር ጎማና የኃይል አስማሚው ለብቻው ይሸጣል? ሞዴሉ ከቆመ በኋላስ ለስንት ዓመት ይገኛል?» አዲስ አበባ አቧራው ቁልፍ ሥር ገብቶ አንዱ ድምፅ እንቢ ሲል፣ የሦስት ዶላር ጎማ ጠፍቶ ሙሉ ኪቦርድ ይጣላል። ይህን ጥያቄ ስታቀርቡ የሻጩ ፊት ብዙ ይነግራችኋል። አንዳንዱ ቁጥር ጽፎ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ወደ አዲሱ ሞዴል ይወስዳችኋል። ሁለተኛውን ምልክት አድርጉበት።

ቀጠሮ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በኢሜይል ያዙ። አጭር ይሁን፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትሸጡ፣ በዓመት ምን ያህል ልታዝዙ እንደምትችሉ፣ መቼ እንደምትመጡ። ቁጥር አታጋንኑ፤ አምስት ኪቦርድ የሚሸጥ ሱቅ አምስት ይበል። ለትንሽ ገበያ የሚቆረቆር ሠሪ አለ፣ እሱን ነው የምትፈልጉት።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፤ ራሳችሁ የምታውቁት ሄድፎን ከሁለት ዓይነት ጃክ ጋር፣ የራሳችሁ ሪትምና ድምፅ ያለበት ዩኤስቢ፣ የጆሮ ቡሽ፣ ደብተር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ስልክ መሙያ። ጫማው የተለመደ ይሁን። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ አትሂዱ። ይህን ስል ልምድ ነው የሚያናግረኝ።

ክራር ወይም ማሲንቆ የምትሠሩ ከሆነ መሣሪያውን ይዛችሁ ግቡ፤ ሲወጣ ጥያቄ እንዳያስነሣ በር ላይ አስመዝግቡት። የፒክአፕ (የመሣሪያን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ መሣሪያው ላይ የሚገጠም ዕቃ) ሠሪዎች ክራር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ብሮሹር ስትሰጡት የሚያዛጋ መሐንዲስ፣ ባለስድስት አውታር ክራር ስታስይዙት ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ከቆዳው ሥር ወይስ ከድልድዩ ይለጠፍ ብሎ ይሟገታችኋል። ማሲንቆ ደግሞ የፈረስ ጭራ ስለሆነ መግነጢሳዊ ፒክአፕ አይሠራለትም፤ ንዝረቱን የሚይዘውን ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለ ወሬ በኢሜይል አይገኝም።

5. አዳራሹ ውስጥ

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለትልልቆቹ አትስጡ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ ሠራተኞቹም ለጋዜጠኛ ካሜራ ይሯሯጣሉ። በዚያን ሰዓት ትንንሾቹ ጋ ሂዱ። አናሃይም ላይ አዳራሽ ኢ የሚባለው ከታች ያለው ክፍል ለብዙ ዓመታት የጀማሪዎች መንደር ሆኖ ቆይቷል፤ ቡዙ ውስጥ የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ፈጣሪውም፣ ሻጩም፣ ሳጥን ተሸካሚውም እሱው ነው። ውሳኔ እዚያው ይሰጣል። ትልልቆቹ ጋ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ሰው ሳስቶ፣ ሠራተኛውም ደክሞት እውነቱን ይናገራል። ካርታውንም በደንብ እዩ፤ ያማሃ ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት ዕቃውን ያሳይ የነበረው በዋናው አዳራሽ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ማሪዮት ሆቴል ነበር። ሰው ሦስት ቀን ፈልጎት ሳያገኘው ይመለስ ነበር።

ቡዝ ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «እርስዎ የትኛው ክፍል ነዎት?» ይሁን። ለዕለቱ የተቀጠረች አስተናጋጅ አለች፣ የሽያጭ ሰው አለ፣ የኤክስፖርት ኃላፊ አለ፣ መሐንዲስ አለ። ስለ ዋጋ መሐንዲሱን፣ ስለ ጎማው የሽያጭ ሰውየውን ብትጠይቁ ሁለቱም በትሕትና ያሳስቷችኋል።

ጆሯችሁን ጠብቁ። በሥራ ቦታ ጤና መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው የሚፈቀደው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ። ድምፅ የሚለኩ ሰዎች በአዳራሹ ይዞራሉ፤ ግን አንድ ወጣት ከበሮ ላይ ሲወጣ ማን ያስቆመዋል? ቡሹን ከበር ጀምራችሁ አድርጉ። ከሰዓት በኋላ የደነዘዘ ጆሮ ሁሉንም ስፒከር «ግልጽ» ይላል።

6. መሣሪያን በጩኸት መሐል መፈተን

ጊዜያችሁን የሚበላው ይኼ ነው፤ ይብላውም።

ከሁሉ በፊት «ይሄ የሚሸጠው ነው ወይስ ለትርኢት የተመረጠ?» በሉ። ለመታየት የሚመጣ ጊታር ከመቶ አንዱ ተመርጦ፣ ባለሙያ ተቀምጦ ያስተካከለው ሊሆን ይችላል። «ከተራው ምርት አንድ ከሳጥን አውጡልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ኪቦርድ። ለእኛ ገበያ የሚወስነው የድምፅ ብዛት አይደለም። መጀመሪያ የቅኝት ማስተካከያውን ፈልጉ፤ ብዙ ፋብሪካዎች «ስኬል ቱን» ይሉታል። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል ወይ? አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፤ አንቺሆዬን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ብላችሁ በፒያኖ እኩል ክፍፍል ብቻ ብትጫወቱት ማሲንቆ አብሮ ሲገባ ይጣላሉ። ማስተካከል ከተቻለ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ቅንብሩ ከሌላው ሴቲንግ ጋር በአንድ ቁልፍ ይቀመጣል? ሠርግ ላይ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ በዘፈን መሐል ሲገባ ሜኑ ውስጥ መግባት አይቻልም። ለአረብ ገበያ የተሠሩት፣ ለምሳሌ የያማሃ የፒኤስአር ኤ ተከታታዮችና ኮርግ ፒኤዎች፣ በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው፤ አናሃይም ላይ ግን ሁልጊዜ አይታዩም፣ ስማቸውን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሪትም። ዝርዝሩ ውስጥ «አፍሪካ» የሚል ፎልደር ስላለ አትደሰቱ። ዩኤስቢውን ሰኩና የራሳችሁን ችክችካ ጫኑ፤ ከተቀበለ በሦስት የተለያየ ፍጥነት አጫውቱት። ፍጥነቱ ሲጨምር ባሱና ከበሮው መለያየት ከጀመሩ፣ ሠርግ ቤት ሰው ትከሻውን ሲሰብር ነው የሚያዋርዳችሁ። ካልተቀበለ በመሣሪያው ላይ አዲስ ሪትም ከዜሮ መሥራት ይቻል እንደሆነ አሳዩኝ በሉ፤ «ይቻላል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ።

አኩስቲክ ጊታር። እዚህ የምትፈሩት እርጥበቱን ነው። እንጨት የሚወደው ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ በበጋው ወራት ከዚያ በጣም ይወርዳል። እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፎች ከአንገቱ ወጥተው እጅ ይቧጥጣሉ፣ ደረቱም ይሰነጠቃል። እጃችሁን በአንገቱ ግራና ቀኝ አሂዱ፤ ገና ፋብሪካው ሳለ የሚቧጥጥ ከሆነ እኛ ጋ ሲደርስ መጋዝ ይሆናል። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (አውታሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ ብቻ አድርገው የሚያወጡትን ቀጭን ድምፅ) አሰሙና እዚያው ተጭናችሁ ምቱ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ያ ጊታር አይቃኝም። ስንት ቀን እንጨቱን እንደሚያደርቁና በስንት በመቶ እርጥበት እንደሚቆርጡ ጠይቁ። ከ6 እስከ 8 በመቶ አካባቢ የሚል መልስ ያለማንገራገር ከመጣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ቆማችኋል።

ሳክስፎን ታችኛው ሲ ቤሞል ላይ በቀስታ ንፉት። በኃይል ካልሆነ የማይወጣ ከሆነ አንድ ቦታ አየር ያስወጣል።

አምፕሊፋየርና ማንኛውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ላይ ጀርባውን አንብቡ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ጃፓን 100 ቮልት፤ እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። «100-240» የሚል ጽሑፍ ካለ ጭንቀት የለም። ከባድ ትራንስፎርመር የያዘ ቱቦ አምፕ ግን ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ቮልቱን በመቀነሻ ብታስተካክሉለት እንኳ በ50 ኸርዝ ይግላል፣ ያጉረመርማል። ወገኖቻችን ከአሜሪካ በሻንጣ አምጥተው ያቃጠሉትን ስቆጥር ያዝናል ልቤ።

7. ዋጋና ውል

ብልጭልጩ እዚህ ጋ ነው የሚጥለው፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው። «60 ዶላር» ሲሏችሁ የት ድረስ? ኤፍኦቢ ሻንጋይ ማለት መርከብ ላይ እስኪጫን ነው፤ የባሕር ጭነቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ቀረጡ የእናንተ ነው። ጊታር ደግሞ ክብደቱ ሳይሆን ቦታው ነው የሚያስከፍለው፤ ስለዚህ የካርቶኑን መጠንና በአንድ ኮንቴይነር ስንት እንደሚገባ እዚያው አጽፉ።

ለባንክ የሚሆን ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ሲያወጡላችሁ የኤችኤስ ኮዱን (ጉምሩክ ዕቃ የሚመድብበትን ቁጥር) አብራችሁ አጣሩ። የሙዚቃ መሣሪያ በምዕራፍ 92 ነው፤ ጊታር 9202፣ ኪቦርድና ኤሌክትሪክ ጊታር 9207፣ መለዋወጫ 9209። ስፒከርና አምፕሊፋየር ግን 8518 ስለሆነ ሌላ ቀረጥ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ጠቅልሎ የጻፈ ሻጭ ጉምሩክ ላይ ያስለቅሳችኋል። ኤልሲ (ባንክ ክፍያውን ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ይቀበላሉ ወይስ በቅድሚያ ክፍያ ብቻ የሚለውንም ቀድማችሁ እወቁ፤ ትንንሽ ፋብሪካዎች የኤልሲ ወረቀት አይወዱም።

ሮዝዉድ የሚባለው እንጨት ያለበት ጊታር ከሆነ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2 ቀን 2017 ጀምሮ የሮዝዉድ ዝርያዎች በሙሉ በሳይተስ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገቡና የጊታር ነጋዴው ሁሉ ተጨነቀ። ከኖቬምበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ያለቀለት መሣሪያ ነጻ ሆኗል፤ የብራዚል ሮዝዉድ ግን ዛሬም በጥብቅ የተከለከለው ዝርዝር ውስጥ ነው። መሣሪያ የምትሠሩ፣ ጥሬ እንጨቱን የምታስመጡ ከሆነ ፈቃዱን ሻጩ እንዲያወጣ ውሉ ላይ ይግባ።

ቻይና ላይ የታዋቂ ስም የተለጠፈበት በግማሽ ዋጋ ጊታር ቢያሳዩአችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ስም ሳይኖረው ጥሩ የሆነውን ውሰዱና የራሳችሁን ስም ለጥፉበት፤ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው የትዕዛዝ መጠን በላይ ከሆነ ያትሙላችኋል። መጀመሪያ ግን ናሙና ከፍላችሁ አስልኩ። አንድ ፋብሪካ በናሙና ያሳየንን የማስተካከያ ቁልፍ በትዕዛዙ ላይ በርካሽ ቀይሮ ልኮልን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ የናሙናውን ፎቶና የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከፕሮፎርማው ጋር እናያይዛለን፣ አንድ ናሙናም በሁለታችን ፊርማ አሽገን እናስቀምጣለን።

8. ማታ ማታና ከተመለሱ በኋላ

ቢዝነስ ካርድ ብቻውን ሳምንት ሳይሞላው ወረቀት ይሆናል። የኔ ዘዴ ሰውየውን ፈቃድ ጠይቄ፣ ካርዱን ይዞ፣ ያወራንበት ዕቃ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ማንሣት ነው፤ የቡዙ ቁጥር ከኋላው ይታይ። ፈቃድ ሳትጠይቁ ዕቃ አታንሡ፤ በተለይ አዲስ ሞዴል የሚጠብቁ ሰዎች ይቆጣሉ። ማታ ከመተኛቴ በፊት በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሦስት መስመር ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም እልካለሁ፦ ምን አሉ፣ ስንት አሉ፣ ምን ሳይመልሱ ቀሩ። እሱ በማግሥቱ ከሱቁ ደንበኛ ጠይቆ ይመልስልኛል፤ ከዚያ ተመልሼ ያንኑ ቡዝ አንኳኳለሁ። ሁለት ጊዜ የመጣ ሰው በተለየ ዓይን ይታያል።

ከተመለሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዳቸው ጻፉ፤ ፎቶውን አያይዙ፣ ያልተመለሰችውን አንዷን ጥያቄ ብቻ አንሡ። ለቻይናዎቹ በዊቻት ይሁን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ወንድማችሁ ነበር፤ ስለ ጎማው ዋጋ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ በኢሜይል የሚመልሰው ግን ሁለት ወይም ሦስት ነው። ባለፈው ጉዞ ካናገርኳቸው አሥራ አራት ሰዎች ሦስቱ መለሱ። አሁን የአክስቴ ልጅ መደርደሪያ ላይ ያለው ኪቦርድ ከሦስቱ የአንዱ ነው፤ ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ጋር ሃያ የቁልፍ ጎማ በትንሽ ላስቲክ ታሽጎ መጥቷል።